ጠርዙ በቀይ ክር የተሰፋ ጨርቅ

ይድረስ ለአባዬ፣ ባለህበት።

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ የሚለውን እዘለዋለሁ። በሕይወት ሳለህም የሞተር ጤና እንጂ የራስህ ጤና ሲጠየቅ ትበሳጭ ነበር። ከተለየኸን አንድ ክረምት አልፎ ሁለተኛው ገብቷል። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፤ ይዤልህ የምመጣው ጥሩ ወሬ ስላልነበረኝ ነው። አሁን አለኝ። ግን አንተ ወሬን ከጭራው የሚጀምር ሹፌር ስለማትወድ ከመጀመሪያው እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን። እማዬ ደህና ናት። ክረምት ሲገባ ጉልበቷ ያስቸግራታል እንጂ አሁንም መካኒሳ አቦን በእግሯ ሄዳ ነው የምትሳለመው፤ ባጃጅ ልጥራልሽ ስላት ትቆጣለች። በር ላይ የተከልከው ኮክ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈራ። ፍሬው አፍ ያጨማድዳል። እማዬ ግን አንተ ስለተከልከው ብቻ ማር ነው እያለች ትበላዋለች፤ እንግዳ ሲመጣም ታቀርባለች። እንግዳው ፊቱ መለዋወጥ ሲጀምር እኔ ወደ ሌላ አያለሁ። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ መንገዱ ሰፍቶ፣ መብራቱ በዝቶ ብታየው አታውቀውም። አንተ ሻይ ትጠጣባት የነበረችው ቤት ግን ወደ ውስጥ ገባ ብላ አሁንም አለች። ሹፌሮቹም አሉ፣ ወሬያቸውም አለ። የጋራዣችን መግቢያ ደግሞ ያው ነው፤ ጭቃው ጫማ ያስወልቃል።

ጋራዡን አልዘጋነውም። ከቀብርህ በኋላ ዘመድ ሁሉ እየመጣ ቦታውን እንድናከራየው መከረን። ሴት ልጅ ዕድሜዋን በናፍጣ አትጨርስ ያለም ነበር፤ ማን እንደሆነ ታውቀዋለህ፣ ስሙን አልጠራም። እማዬ አንዴ ብቻ መለሰች። የራሄል እጅ የአባቷ እጅ ነው አለች። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ያነሳ የለም። ታዴም አለልኝ። ፀጉር ሳለው ጀምሮ ካንተ ጋር የሠራ ሰው አሁን ከእኔ ጋር ይሠራል። አለቃ እያለ ያሾፍብኛል፤ ቡሎን አልፈታ ሲለው ግን ስምህን ጠርቶ ነው የሚታገለው።

ሰሌዳህም ቦታው ላይ ነው። ያ ሰሌዳ፣ አባዬ። በሌላ ጋራዥ የእጅ መጥረጊያ ጨርቅ ማለት መሬት ላይ የሚንከባለል ነገር ነው። ከልብስ ፋብሪካ የተረፈ ቁርጥራጭ በጆንያ ይመጣል፣ ይጠረግበታል፣ ይጣላል። አንተ ግን ከዚያው ቁርጥራጭ ደህና ደህናውን መርጠህ ቤት ታመጣ ነበር፤ እማዬም ዙሪያውን አጥፋ ጠርዙን በቀይ ክር ትሰፋልህ ነበር። አንተም ያልተሰፋ ጨርቅ ክር ይለቃል፣ ክር ደግሞ ናፍጣ ውስጥ ከገባ ሞተር ያንቃል ትል ነበር። ቀይ ክር የመረጥከው ጨርቁ የትም ቢወድቅ እንዲታይህ ነው። ለእያንዳንዱ ጨርቅ ሰሌዳው ላይ የራሱ ምስማር አለው። ምስማር ባዶ ከሆነ ጨርቁ የሆነ ቦታ ቀርቷል ማለት ነው፤ የጎደለው ተገኝቶ እስኪሰቀል ድረስ የሞተርም ሆነ የነዳጅ ታንክ ክዳን አይገጠምም። ሰፈሩ ልብስ ሰፊው መካኒክ እያለ ሲስቅብህ አንተም አብረህ ትስቃለህ፤ ከዚያ ቀና ብለህ ምስማሮቹን ታያለህ። እኔና ታዴም እናያለን። ያንን ሥርዓት ያየ ሁሉ እንደ ዕብደት ይቆጥረዋል። ቆይ፣ እዚህ ላይ እመለሳለሁ።

የጋሽ ከድርን አሮጌ የጭነት መኪና ታስታውሳለህ። እንዴት ትረሳዋለህ፣ የመጨረሻ ሥራህ እኮ ነው። ደረትህን እየያዝክ፣ እኛ ተው እያልንህ፣ ታንኩን አውርደህ አጠብክ፤ የናፍጣውን ፖምፓ ፈታተህ አደስክ። ጠጠር አስጭነህ ከሹፌሩ ከሰይፉ ጋር እስከ ፉሪ ዳገት ሄደህ ተመለስክ። ከጋቢናው ስትወርድ ደክሞህ ነበር፣ ፊትህ ግን በርቶ ነበር። ሞተሩ ዘፈነ አልከን። በዚያው ሳምንት ተኛህ፣ አልተነሳህም።

ወራት ሳይቆይ መኪናው መንገራገጭ ጀመረ። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ባዶውን ከተማ ውስጥ ሲዞር ምንም አይለውም። ጭነት ይዞ ትንሽ እንደሄደ ግን ያስነጥሳል፣ ጉልበት ያጣል፣ እንደ ወባ ሕመምተኛ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴም ዳገት መሀል ቀጥ ይላል። ሰይፉ አጥፍቶት፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጎ፣ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ጋሽ ከድር ሌላ ጋራዥ ወሰዱት። ፊልትሮ ተቀየረለት፣ ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎች ተቀየሩለት፣ አንተ ያደስከው ፖምፓም እንደገና ተፈታ። ለጥቂት ቀን ደህና ይሆንና ያው ይመለስበታል። ከዚያም ወደ ሌላ ጋራዥ ሄደ፣ ከዚያም ወደ ሌላ። እኛ ጋ ግን አልመጣም። ለምን እንዳልመጣ የሰማሁት ከሻይ ቤቷ ነው።

ጋሽ ከድር እዚያ ተቀምጠው፣ ሹፌር በተሰበሰበበት፣ ወልዴ እጁ ወርቅ ነበር፣ መጨረሻው ላይ ግን ደክሞ የሆነ ነገር አበላሽቶብኛል፣ አላህ ይማረው ብለዋል። በክፋት አይደለም የተናገሩት። ታውቃቸዋለህ፣ ክፋት የለባቸውም። ይኸው ነው የባሰው። ክፉ ሰው ቢናገረው ማንም አያምነውም ነበር፤ እሳቸው ሲሉት ግን ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ቆየት ብሎማ ቀልድ ሆነ። መንገድ ላይ መኪና ባስነጠሰ ቁጥር፣ የማንም ይሁን የማን፣ የወልዴ እጅ አለበት ይባባሉ ጀመር። እኔ ስገባ ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸውን ነው ያልቻልኩት። ከልጅነትህ ጀምረህ የሠራኸው ስም እኔ እያየሁት በአንድ መኪና ሊያልቅ ሆነ።

እማዬም ሰምታለች። ማታ ከሥራ ስገባ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ያ መኪና መጣ ወይ ብላ መጠየቅ ጀመረች። አልመጣም ስላት ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። ጨርቆቹን የሰፋችው እሷ ናት፤ ወሬው እሷንም የነካት በዚያ በኩል ይመስለኛል።

አንድ ቀን ተነስቼ ጋሽ ከድር ቤት ሄድኩ። መኪናውን አምጡልኝ አልኳቸው። አንቺን ማስቸገር አልፈልግም ልጄ ብለው ሊሸሹኝ ሞከሩ። ጥፋቱ የአባቴ ከሆነ የማስተካክለው እኔ ነኝ፤ የአባቴ ካልሆነ ደግሞ ንግግርዎን በተናገሩበት ቦታ ይመልሱልኛል አልኳቸው። ድፍረቴ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ትክ ብለው አዩኝ፣ ከዚያ ሳቁ። ቁርጥ አባትሽን ነሽ አሉ። ተስማሙ። አንድ ነገር ብቻ አከሉ፤ የሚከፈተው ነገር ሁሉ እሳቸው ባሉበት ይከፈት። እሺ አልኩ።

መኪናው ሲመጣ ታዴ እጁ ወደ ኮፈኑ ሮጠ። ከለከልኩት። አንተ ኮፈን ከመክፈትህ በፊት ሹፌሩን በርጩማ ላይ አስቀምጠህ እንደ ቄስ ታናዝዘው አልነበር! እኔም ሰይፉን ያንተው በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት። ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ? ዳገት ላይ ብቻ ነው ወይስ ሜዳም ላይ? ጭሱ ጥቁር ነው ወይስ ነጭ? ታንኩ ሙሉ ሲሆን ነው ወይስ ሲጎድል? ሁሉንም እያሰበ፣ እየተጠነቀቀ መለሰልኝ። ጭሱ ምንም የተለየ አይደለም፣ ብቻ ትንፋሽ ያጥረዋል አለ። በመጨረሻ፣ አባዬ ከሞተ ወዲህ ታንኩ ውስጥ ከናፍጣ ሌላ የገባ ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሳያቅማማ የለም አለ። ዓይኑን አየሁት፤ አይዋሽም። ይህችን ያዝልኝ።

ከዚያ ልክ እንዳንተው ጠጠር አስጫንኩና ጋቢናው ውስጥ ያንተ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። ቆሞ የሚመረመር መኪና ቆሞ ብቻ ነው ጤናው የሚታወቀው ትል ነበር። ከሀይሌ ጋርመንት ተነስተን በጀሞ በኩል ወደ ፉሪ ሄድን። መዳፌን ከፊቴ ዳሽቦርዱ ላይ አሳረፍኩ፤ ከጆሮ ቀድሞ መዳፍ ይሰማል ብለህ ያስተማርከኝን ለማየት። እውነትህን ነው። ዳገቱን እንደጀመርን፣ ድምፁ ገና ሳይለወጥ፣ አንዲት መንቀጥቀጥ መዳፌን ነካችኝ። ብዙም ሳይቆይ ሰይፉ ይኸው ጀመረው አለ። እኔ ቀድሜ አውቄ ነበር። አጠገቤ ብትሆን ኖሮ ጎንህን እጎሽምህ ነበር።

መኪናውን ዳር አስይዘን፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርገን፣ ሞተሩን ሳናጠፋ ወረድኩ። ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱትን ቀጫጭን ቱቦዎች አንድ በአንድ ላላ እያደረግኩ አዳመጥኩ። ያሳየኸኝ ቀን ትዝ ይለኛል። የታመመውን ሲሊንደር ቱቦ ስታላላ የሞተሩ ድምፅ አይለወጥም፣ ምክንያቱም እሱ ቀድሞውንም ሥራ ላይ አልነበረም። የጤነኛውን ስታላላ ግን ሞተሩ የባሰውን ይንገዳገዳል። ያን ቀን የነካሁት ቱቦ ሁሉ እኩል አንገዳገደው። ተለይቶ የታመመ ሲሊንደር አልነበረም፤ ሁሉም እኩል ርቧቸው ነበር። ያለጥፋታቸው የተቀየሩት ኖዝሎች አሳዘኑኝ። ጋራዦቹ የራበውን ሰው ጥርሱን ሲነቅሉለት ነው የከረሙት።

ስለዚህ ጥያቄው ናፍጣው የት ቀረ የሚል ሆነ። ያችን ውስጧ የሚያሳይ ለስላሳ ቱቦህን ይዤ ነበር የሄድኩት። ታንኩንና ፖምፓውን በሚያገናኘው መስመር መሀል አስገባኋት። አየር የሚያስገባ ስንጥቅ ቢኖር አረፋ ይታያል። አረፋ የለም። ሰይፉ ዳገቱን እንደገና ቀስ እያለ ሲወጣ እኔ ከጋቢናው ደረጃ ላይ ወደ ኋላ አጎንብሼ ቱቦዋን ሳያት፣ መጀመሪያ ሙሉ ናት፣ ናፍጣው ጥርት ብሎ ያልፋል። ትንሽ እንደሄድን ግን ጎኗ ወደ ውስጥ መግባት ጀመረ፣ ልክ ሰው ጉንጩን ወደ ውስጥ ሲስብ እንደሚሆነው። ሞተሩም ያኔ አስነጠሰ።

አባዬ፣ እዚያ ደረጃ ላይ ተንጠልጥዬ ሳቅሁ። ቱቦዋ የገባችው እኮ ፖምፓው በሙሉ ጉልበቱ እየሳበ ስለሆነ ነው። ያደስከው ፖምፓ፣ ስንቱ እጅ ከፈታውም በኋላ፣ እንደ ወጣት ይስባል። የሚስበው ነገር ነው ያልመጣለት። ደክሞ አበላሸው የተባለው እጅህ የሠራው ነገር ከመኪናው ሁሉ ጤነኛው ሆኖ ተገኘ። ሰይፉ ምን ያስቃታል ብሎ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

ሳቄ ግን አልቆየም። ፖምፓው ደህና ከሆነ፣ ናፍጣውን የሚያግደው ነገር ያለው ከቱቦዋ ኋላ ነው። ከቱቦዋ ኋላ ደግሞ ታንኩ ብቻ ነው ያለው። መስመሩን ፈትቼ ወደ ታንኩ በአፌ ነፋሁ። መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ከዚያ የሆነ ነገር ለቀቀና ታንኩ ውስጥ ሲንቦጫረቅ ሰማሁት። መልሼ ገጠምኩ። መኪናው ፉሪን አንዴም ሳያስነጥስ ወጣ። ሰይፉ እጁን አጨበጨበ። እኔ ግን አላጨበጨብኩም። ታንኩ ውስጥ ለስላሳ የሆነ፣ የሚንሳፈፍ ነገር አለ። ሞተሩ ሲስብ መጥቶ የመሳቢያ ቱቦውን አፍ ይደፍናል፣ ሞተሩ ሲያርፍ ለቆት ይወድቃል። ታንኩን አውርዶ ያጠበው የመጨረሻው ሰው ደግሞ አንተ ነህ። መካኒክ አጥቦ በገጠመው ታንክ ውስጥ ለስላሳ ነገር ከተገኘ ምን ሊሆን እንደሚችል ከታዴም ከእኔም የተሰወረ አልነበረም።

ጋራዥ ስንመለስ ቀና ብዬ ሰሌዳውን አየሁ። ምስማሮቹ ሙሉ ናቸው። ግን አንተ ከሄድክ ወዲህ ያረጁትን ጨርቆች ቀያይረናል፤ ያን ቀን ሙሉ ነበሩ ወይ ብዬ ማንን እጠይቃለሁ? ያን ቀን ደረትህን ይዘህ ነበር። አንዴ ቀና ማለት ቢያቅትህ ማን ይፈርድብሃል? እኔ አልፈርድብህም። እነሱ ግን ይፈርዱብሃል። ታዴ በዓይኑ ወደ ታንኩ ጠቆመኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል፤ በሩን ዘግተን ለብቻችን እንክፈተው፣ የተገኘው ተገኝቶ ይጣል፣ መኪናው ከዳነ ማን ይጠይቃል ነው። ስለሚወድህ ነው። ግን አንተ በተዘጋ በር ሠርተህ አታውቅም። ክረምትም በጋም በራችን ገርበብ ብሎ እንኳ አያውቅ፤ ብርግድ ነው። ጋሽ ከድር ነገ ጠዋት ይምጡ ብዬ ላክሁ። ለእማዬ ምንም አልነገርኳትም፤ እሷም ጫማዬን ሳወልቅ ፊቴን አይታ የዚያን ዕለት አልጠየቀችኝም።

ጠዋት ጋሽ ከድር ብቻቸውን አልመጡም። ሻይ ቤቷ ያለ ሹፌር ሁሉ ብርጭቆውን እንደያዘ ተከትሏቸዋል። ናፍጣውን ወደ በርሜል ቀዳን፤ ታንኩን አወረድን፤ የላይኛውን ክዳን ፈታሁ። እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ከተትኩ። ከታች፣ ጥግ ላይ፣ ጣቴ ለስላሳ ነገር ነካ። አምላኬ እንዳይሆን አልኩ። ሳወጣው ጥቁር፣ ናፍጣ የሚያንጠባጥብ፣ ጭብጥ የሚያክል ጨርቅ ነው። ከኋላዬ አንዱ ከንፈሩን ሲመጥ ሰማሁ። ጋሽ ከድር አንገታቸውን ደፉ። ታዴ ወደ ግድግዳው ዞረ።

እኔ ግን ደግሜ አላየሁትም አባዬ። ዓይኔን ጨፈንኩና ጠርዙን በጣቴ ፈለግሁ። የእማዬን ስፌት እጄ ያውቀዋል፤ እጥፋቱን፣ ክሩ ወጣ ገባ የሚልበትን ቦታ ሁሉ ያውቀዋል። ዙሪያውን ሄድኩ፣ እጥፋት የለም። እንደገና ዞርኩ። ከጠርዙ ላይ ጣቴን የሚይዘው የተቀደደ ጨርቅ ክር ብቻ ነው። ዓይኔን ገለጥኩ፣ በንጹህ ናፍጣ ሳፋ ውስጥ አጠብኩትና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። አበባ አበባ ያለበት የአንሶላ ቁራጭ ነው። አንዱ ጫፉ ላይ ዝጎ የተበጠሰ ሽቦ ታስሯል። ከሰሌዳው ላይ አንዱን ጨርቃችንን አወረድኩና አጠገቡ አስቀመጥኩት። ቀዩ ክር ዙሪያውን ይታያል።

ያኔ ሰይፉ ኮፍያውን አወለቀ። አንሶላው የእሱ ነው። ናፍጣ ጠፍቶ ማደያ ወረፋ ላይ ጋቢና ውስጥ ያድር በነበረበት ጊዜ፣ ከጎኑ የቆመ መኪና ታንኩ ሲራቆት አይቶ ፈራ። የሌባ ቱቦ እንዳያልፍ ብሎ አሮጌ አንሶላ ቀደደ፣ በሽቦ አሰረ፣ የታንኩ አንገት ላይ ወተፈ። አንድ ቀን ሲነሳ ጨርቁ ቦታው ላይ የለም። ሽቦው ዝጎ ተበጥሶ ጨርቁ ወደ ውስጥ መግባቱ ለአፍታም በሐሳቡ አልመጣለትም፤ ሌባው ናፍጣውን ማግኘት ቢያቅተው በንዴት ጨርቁን ይዞ የሄደ ነው የመሰለው። ደስ ብሎት ሌላ ቀድዶ ወተፈ፤ ወረፋው ሲያልቅ ያንን አውጥቶ ጣለው። ከናፍጣ ሌላ የገባ ነገር አለ ወይ ስለው የለም ያለኝ ለዚህ ነው። በእሱ ሐሳብ ጨርቁ የወጣ እንጂ የገባ አይደለም። ይባስ ብሎ ዘዴውን ላገኘው ሹፌር ሁሉ ሲያስተምር ነው የከረመው። ይህን ሲናገር ከቆሙት ሹፌሮች ውስጥ ግማሹ ወደ የራሱ መኪና ዞሮ አየ። ይህን ሰምተህ ባትስቅ ይገርመኛል። በዚያ ሳምንት ጋራዣችን የታንክ ማጠቢያ ሆኖ ሰነበተ።

ጋሽ ከድር ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። ጨርቃችንን አንስተው ቀዩን ክር በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ማን ነው የሰፋው አሉኝ፤ እናቴ ናት አልኳቸው። ከዚያ ወጥተው ሄዱ። ወዴት እንደሄዱ የነገረኝ ታዴ ነው፤ እሱ ትንሽ ሳይጨምር እንደማይናገር ታውቃለህ፣ ቢሆንም ሌሎቹም እንደዚያው ነው ያሉት። ሻይ ቤቷ ገብተው፣ ሳይቀመጡ፣ የወልዴ የመጨረሻ ሥራ እንደ መጀመሪያ ሥራው ንጹህ ነበር፣ በሞተ ሰው ላይ ያላየሁትን ተናግሬያለሁ፣ የሰማችሁኝ ሁሉ ይቅር በሉኝ ብለዋል። እሑድ ደግሞ ቤት ድረስ መጥተው እማዬን ይቅርታ ጠየቁ። እማዬ ኮክ አቀረበችላቸው። አንዱን ጨርሰው ሁለተኛውን ሲያነሱ ፊታቸውን አየሁ፤ አንዴም አላጨማደዱትም። ያን ጊዜ ከልባቸው እንደሆነ አመንኩ።

አሁን ሻይ ቤቷ ስገባ ዝም የሚል የለም። የወልዴ ልጅ መጣች፣ ቦታ ልቀቁላት ይላሉ። ድሮም ያንተ ልጅ ነኝ፤ ግን ስምህን ሲጠሩት የሚሰማኝ ሌላ ነው። ኮርቼብሃለሁ አባዬ። ደረትህን እየያዝክም ቢሆን ያን ቀን ቀና ብለህ ምስማሮቹን አይተሃል። አሁን ማንንም መጠየቅ አያስፈልገኝም፣ አውቃለሁ። በራሴም ኮርቻለሁ፤ ይህን ብልህ ደስ እንደሚልህ ስለማውቅ አላፍርም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሰማያዊው ቱታህ ካንተ በኋላ መኝታ ቤቱ በር ጀርባ እንደተሰቀለ ነበር። እማዬ አታጥበውም፣ አታነሳውም፣ በሩን ስትከፍት ብቻ በእጇ ነካ ታደርገዋለች። እኔም ፈርቼ አልነካውም ነበር። ያን እሑድ ጋሽ ከድር ከቤታችን ከሄዱ በኋላ ዕቃ ሳጣጥብ የመቀስ ድምፅ ሰማሁ። ስመጣ ቱታህን መሬት ላይ ዘርግታ፣ መነጽሯን አድርጋ ትቆርጠዋለች። ጩኸት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና፣ ያሉት ጨርቆች በሰሞኑ ታንክ አጠባ አልቀዋል፣ አባትሽ ምስማር ባዶ ሆኖ አይወድም አለችኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እሷ እየቆረጠች፣ እኔ መርፌ ላይ ቀይ ክር እያስገባሁላት ዋልን። ስንሰፋ ስላንተ አወራን፤ ካንተ በኋላ ስምህን እየጠራን ሳናለቅስ የዋልንበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ትከሻህ፣ ክርንህ፣ ሁልጊዜ ካቻቢቴ ተሸክሞ የሚቀደደው ጉልበትህ፣ ሁሉም ጠርዙ ተሰፍቶ አሁን ሰሌዳው ላይ ተሰቅሏል። በግራ በኩል ያለውን የደረት ኪስህን እማዬ አልቆረጠችውም፤ እንዳለ ሰፋችው። እሱ የመጀመሪያው ምስማር ላይ ነው።

ለመታሰቢያህ ሻማ ማብራቴን፣ ተዝካርህን ማውጣቴን አልተውም። እኔ ቃል የምገባልህ ግን ሌላ ነው። በዚህ ጋራዥ ውስጥ፣ እኔ እስካለሁ ድረስ፣ ቀና ብዬ ሰሌዳውን ሳላይ የምገጥመው ክዳን አይኖርም። ዛሬ ጠዋት የአንድ መኪና ታንክ አጥቤ ልዘጋ ስል የመጀመሪያው ምስማር ባዶ ነበር። ደነገጥኩ፣ ሥራውን አቆምኩ፣ ታዴም እኔም ፈለግን። ኪስህ የገዛ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ወስጄ ሰቀልኩህና ክዳኑን ገጠምኩ።

ልጅህ ራሄል